ስለ ዎልአይ ዓሣ ማታለያ፤ የጠፋውን እንዴት እንደምንፈልገውና በምን እንደምንተካው

በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ባለፈው ዓመት በዚሁ መድረክ ላይ አንድ ወንድማችን ስለ ቤት መድን ጠቃሚ የሆነ ማብራሪያ ሰጥተውን እንደነበር ይታወሳል። ዘንድሮ ኮሚቴው ተራውን ለእኔ ሲሰጠኝ፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው በዚህ ሁሉ የተማረ ሰው ፊት ቆሞ ምን ይናገራል ብዬ ጸሐፊያችንን ባማክራቸው፣ ሳቅ አሉና «እርስዎ ከዓሣ ሌላ ምን ሊናገሩ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እንግዲህ ስለ ዓሣ እናገራለሁ፤ ይልቁንም ስለ ዓሣው ሳይሆን ዓሣው ስለሚታለልበት ዕቃ ነው።

ለዚህም ምክንያት አለኝ። ባለፈው ሰመር ከዕድራችን ሰባት ስምንት የምንሆን ጡረተኞች ቅዳሜ ቅዳሜ እየተጠራራን ወደ ሐይቅ መውጣት ጀምረን ነበር። ብርዱ መጥቶ ሁላችንም ቤታችን ከገባን በኋላ ግን የእኔ ስልክ አላረፈም። «ያ ብርቱካንማ ሆድ ያለው ከየት ይገኛል?» «ሱቁ የለም ብሎኛል፤ ምን ይሻለኛል?» የማይባል የለም። አንድ አባላችንማ በአንድ ክረምት ከ200 ዶላር በላይ ለፕላስቲክ ዓሣ አውጥተው፣ ባለቤታቸው ለባለቤቴ ነግረው፣ ባለቤቴ ደግሞ «ሰውን ያበላሸኸው አንተ ነህ» ብላ ከሳኛለች። ክሱ ጥቂት እውነት ስላለበት ዛሬ በሁላችሁም ፊት መልሴን ልስጥ።

ዓሣውን ለማታውቁት አስቀድሜ ላስተዋውቅ። ዎልአይ የሚኒሶታ ክፍለ ሀገር የታወቀ ዓሣ ነው፤ ከ1965 ጀምሮም የክፍለ ሀገሩ መለያ ዓሣ ተብሎ በሕግ ተሰይሟል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምናገረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ሥጋው ነጭ፣ አጥንቱ ለማውጣት የቀለለ፣ ሽታው የማያስቸግር ስለሆነ፣ እኛ ቤት ዓሣ ዱለትም ዓሣ ጉላሽም የሚሠራው ከእርሱ ነው። ስሙን ያገኘው ከዓይኑ ነው። ዓይኑ ውስጥ እንደ ድመት ዓይን ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው፣ በጨለማ ባትሪ ቢበራበት ያበራል። በደብዛዛ ብርሃን ከሌላው ዓሣ አሻግሮ ያያል። ከዚህም የተነሣ የሚያድነው በአብዛኛው ሲነጋጋና ሲመሻሽ፣ ደመና ሲሆንና ነፋስ ውሃውን ሲያናውጠው ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ውሃው እንደ መስተዋት ተኝቶ ሳለ ሄዶ «ዓሣ የለም» የሚል ሰው፣ መሥሪያ ቤት እሑድ ሄዶ «ሠራተኛ የለም» እንደሚል ባለጉዳይ ነው።

ማታለያ የምለው ፈረንጆቹ ሉር የሚሉትን ነው። ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ትንሽ ዓሣ የሚመስል፣ ሆዱና ጅራቱ ላይ ባለ ሦስት ጥፍር መንጠቆ የተንጠለጠለበት ዕቃ ነው። አፉ ላይ እንደ ማንኪያ ወጣ ያለ ነገር አለው፤ እኔ ምላስ እለዋለሁ። ክሩ ሲጎተት ውሃው ምላሱን ሲገፋው፣ ዕቃው ወደ ታች ይጠልቃል፤ እየተወዛወዘም ይሄዳል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ምላስ ላይ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ እንግዲህ አገር ቤት ሳለሁ መንጠቆ ይዤ አላውቅም። አዲስ አበባ ሃያ ስምንት ዓመት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ያገለገልኩ ሰው ነኝ፤ ዓሣ የማውቀው ዝዋይ መንገድ ላይ ልጆች በገመድ አንጠልጥለው ለመኪና ሲያሳዩ ብቻ ነበር። እዚህ ከመጣሁ በኋላ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ ቆይቼ፣ ጡረታ ስወጣ ቤት መዋል መጣ። ቤት መዋልን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጠዋት ቡና፣ ከዚያ መስኮት፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ እንደገና መስኮት። ልጆች ሥራ ናቸው፣ የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው።

ከበላዬ ባለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበሩ፤ አሁንም አሉ፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ አልፏል። አንድ ቀን በአሳንሰር ውስጥ የመንጠቆ ዘንግ ይዘው ስንገናኝ፣ እንደው ለሰላምታ ያህል «ወዴት ነው?» ብላቸው «ና፣ ላሳይህ» አሉኝ። እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። እርሳቸው ቋጠሮ አስተማሩኝ፣ አወራወር አስተማሩኝ፣ ከሁሉም በላይ ዝም ብሎ መቀመጥን አስተማሩኝ። በሁለተኛው ዓመት ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸውና ጀልባቸውን ሲሸጡ፣ ከመንጠቆ ሳጥናቸው አንድ ዕቃ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። አውራ ጣት የማትሞላ ወፍራም ነገር፣ ሆዷ ብርቱካንማ፣ ጀርባዋ ቡናማ፣ ምላሷ ብረት። «ይቺን እንዳትጥላት፤ እንደዚህ ያለ አሁን አይሠራም» አሉኝ።

ስሟ ሆት ኤን ቶት ይባላል። ስቶርም የሚባል በኦክላሆማ የነበረ ኩባንያ የሠራት ናት። ይህ ኩባንያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ራፓላ ለተባለው ለፊንላንዱ ኩባንያ ተሸጧል። ስሙ እስከ ዛሬ አለ። ይሁን እንጂ ከሽያጩ በፊት ኦክላሆማ የተሠሩት የድሮዎቹ ማታለያዎች፣ በተለይ ዊግል ዋርት የሚሏት እህቷ፣ አወዛወዛቸው ይለያል እየተባለ ሰዎች እንደ ጥንት ሳንቲም ይፈልጓቸዋል፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ሽቅብ ወጥቷል።

እኔም ጣልኳት! በሰኔ ወር ሚል ላክስ ሐይቅ ላይ ከአንድ ባለ ጀልባ ወዳጅ ጋር ሆኜ፣ ድንጋይ ያለበት ቦታ ላይ ስጎትት ያዘብኝ። ዓሣ መስሎኝ በኃይል ሳብኩ፤ ክሩ ተበጠሰ። አለቀ። አሁን ቢሆን የማደርገውን አውቃለሁ፤ ይኸውም አሮጌ የመኪና ካንዴላ ነው። የካንዴላው ጫፍ ክፍተት አለው አይደለም? ክሩን በዚያ ክፍተት አስገብቶ ጫፉን በፒንሳ መግጠም፣ ከዚያም ጀልባውን በትክክል ከበላዩ አድርጎ ካንዴላውን በክሩ ላይ መልቀቅ። ሄዶ በክብደቱ ሲመታው፣ ከድንጋይ የተቀረቀረው በአብዛኛው ይለቃል። ያን ጊዜ ይህንን አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ግን ከመጣሉ የባሰ ነው። ሽማግሌው በየጊዜው በአሳንሰር ሲያገኙኝ «ይቺ ልጅ ደኅና ናት?» ይሉኛል። እኔም «ደኅና ናት፣ ሳጥን ውስጥ ናት» እላለሁ። አንዴ የተናገርኩት ነገር ሁለት ዓመት ሄደ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ለፕላስቲክ ዓሣ ብዬ ሽማግሌ ሰው ዋሸሁ። መውጫው አንድ ብቻ መሰለኝ፤ ትክክለኛ አምሳያዋን ፈልጌ ሳጥኑ ውስጥ ብከታት ውሸቱ እውነት ይሆናል አልኩ። ፍለጋው እንዲህ ነው የተጀመረው፤ አገኘዋለሁ ብዬ የዞርኩበትንም ልንገራችሁ፣ ለእናንተ ስለሚጠቅም።

ትልልቆቹ ሱቆች ለዚህ ነገር አይጠቅሙም፤ የዘንድሮውን ብቻ ነው የሚይዙት። የሚጠቅሙት በሰሜን በኩል በየሐይቁ መንገድ ላይ ያሉት ትንንሾቹ የዓሣ ምግብ ሱቆች ናቸው። ከኋላ ግድግዳ ላይ፣ አቧራ የጠጣ፣ ዋጋው ገና በድሮው ልክ የተለጠፈበት ዕቃ አንዳንዴ ተሰቅሎ ይገኛል። ባለ ሱቁን ግን «ይህ አለ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «የቆየ ዕቃ የት ነው የምታስቀምጡት?» ማለት ይሻላል። ሁለተኛው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎች በየግቢያቸው የሚዘረጉት የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ነው። አባት ሲሞት ልጆቹ የመንጠቆ ሳጥኑን እንዳለ ያወጡታል፤ ውስጡን አያውቁትም። እኔ በ15 ዶላር አንድ ሙሉ ሳጥን ገዝቼ፣ ውስጡ ሦስት ጥሩ ማታለያና ብዙ ዝገት አግኝቻለሁ። ሳጥኑን ስከፍተው ግን ደስ አላለኝም። የአንድ ሰው የእጅ ጽሕፈት ያለበት ወረቀት ነበረበት፤ በየትኛው ቀን የት ሐይቅ ስንት እንደያዘ ጽፎ ነበር። ወረቀቱን ለልጁ መለስኩለት። ቆሞ እያነበበ ትቼው ሄድኩ።

ሦስተኛው ኢንተርኔት ነው፤ የተቃጠልኩትም እዚያ ነው። የልጅ ልጄ ፈልጎ በጨረታ ከሚሸጥበት ቦታ «ኦሪጅናል፣ የድሮ» የተባለ አገኘልኝ፤ 38 ዶላር ከፈልኩ። ሲመጣ ከሩቅ ሲያዩት እርሷን ይመስላል። ከቅርብ ሲያዩት ግን የተሰነጠቀ ሆዱ በማጣበቂያ ተይዞ ላዩ ቀለም ተቀብቷል፤ መንጠቆዎቹ አዲስና ከልክ በላይ ከባድ ናቸው። መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ውሃ ሞልቼ ስጎትተው በጎኑ ተኛ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «ለዚህ ነው 38 ዶላር?» አለች። ምን ይመልሷል? ሻጩም ለጻፍኩለት አልመለሰም። ስለዚህ ልምከራችሁ፤ በዚህ መንገድ የምትገዙ ከሆነ የሆዱንና የምላሱን ፎቶግራፍ በቅርብ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ መንጠቆው ተቀይሮ እንደሆነም ጠይቁ። ዋጋውንም ሻጩ በጠራው ሳይሆን፣ ተመሳሳዩ ባለፉት ሳምንታት በእርግጥ በተሸጠበት ለኩት፤ ይህንን ኢንተርኔቱ ራሱ ያሳያል፣ ልጆቻችሁ ያውቁታል።

ከዚህ በኋላ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። መዝገብ ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ኃላፊ «ያንን ቀይ ሽፋን ያለውን ፋይል አምጣ» ብለው ላኩኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ቀይ ሽፋን ስፈልግ ዋልኩ። የለም። አለቃዬ የነበሩት ሰው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «አንተ ልጅ፣ ሽፋን ይቀደዳል፤ ይቀየራል። ጉዳዩ ምንድን ነው? ቁጥሩስ?» አሉኝ። ጉዳዩን ጠይቄ ብመለስ ፋይሉ አረንጓዴ ሽፋን ለብሶ እፊቴ ተቀምጧል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈልግ የነበረው ቀይ ሽፋን ነበር። ዓሣው እኮ ሆት ኤን ቶት የሚለውን ጽሑፍ አያነብም። ዓሣው የሚያውቀው ዕቃው ምን እንደሚሠራ ነው። ስለዚህ የጠፋ ማታለያ ሲያጋጥማችሁ ስሙን ትታችሁ ጉዳዩን ጠይቁ።

ጉዳዩ ምንድን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ ጥልቀት ነው። ዓሣው 10 ጫማ ላይ ተኝቶ ሳለ 4 ጫማ ላይ የሚያልፍ ማታለያ፣ ወርቅ ቢሆንም ከንቱ ነው። ረጅምና ወደ ፊት የተዘረጋ ምላስ ጠልቆ ይሄዳል፤ አጭርና ወደ ታች የተደፋ ምላስ ከላይ ከላይ ይሄዳል። ክሩ ሲቀጥንና ብዙ ሲለቀቅ ዕቃው ይበልጥ ይጠልቃል፤ ወፍራም ክር ውሃው ስለሚይዘው ያነሳዋል። ይህንን ሳያውቁ ማታለያውን የሚረግሙ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከነርሱ አንዱ ነበርኩ።

ቀጥሎ አወዛወዙ ነው። አንዳንዱ ሰፋ አድርጎ ይወራጫል፤ አንዳንዱ ጠበብ አድርጎ ይንቀጠቀጣል። ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሲሆን ዓሣው ስለሚሰንፍ ጠበብ ያለው ይሻላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ውሃው ሲሞቅ ሰፋ ያለው ይቀሰቅሰዋል። የእኔዋ ሟች ሰፊ ተወራጭ ነበረች። ከዚያ መጠን፤ በዚያ ሐይቅ ውስጥ ዓሣው የሚበላው ትንሽ ዓሣ የሚያክል ይሁን። ቀለም የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ እኛ ግን ሁላችንም ሱቅ ስንገባ የምንጀምረው በቀለም ነው፤ ሱቁም ይህንን ስለሚያውቅ ሠላሳ ቀለም ሰቅሎ ይጠብቀናል። የዎልአይን ዓይን ያጠኑ ሰዎች፣ ዓሣው አብልጦ የሚለየው ብርቱካንማንና አረንጓዴን እንደሆነ ይናገራሉ። በሰሜን እንደ ሻይ የጠቆረ ውሃ ላይ ብርቱካንማ፣ ወርቃማ ወይም ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ፤ ጥርት ባለ ውሃ ላይ ደግሞ ብርማና የተፈጥሮ ቀለም ያለው በቂ ነው። ሁለት ቀለም ይበቃችኋል።

በዚህ መሠረት ፈልጌ ያገኘሁት ምትክ በርክሊ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራት ፍሊከር ሻድ ናት። በየሱቁ አለች፤ ዋጋዋም ቀላል ነው። በላይዋ የተጻፈው ቁጥር ርዝመቷ በሳንቲሜትር ነው፤ 5 ቁጥር 5 ሳንቲሜትር፣ 7 ቁጥር 7 ሳንቲሜትር። 5 ቁጥሯ ወደ 10 ጫማ ያህል ትጠልቃለች። ጠባብ አወዛወዝ ለሚያስፈልግበት ለጸደይ ደግሞ የራፓላው ሻድ ራፕ አለ፤ ከባልሳ እንጨት የሚሠራ ስለሆነ ቀለል ያለ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፤ 7 ቁጥሩ እንደ አጎታተቱ ከ5 እስከ 11 ጫማ ይሄዳል። ሳልሞ የሚባል የፖላንድ ኩባንያ የሚሠራትን ሆርኔትንም አይቻለሁ፤ ትንሽና ወፍራም ስለሆነች በቅርፅ ለጠፋችው የምትቀርበው እርሷ ናት።

ስለ ሻድ ራፕ ካነሣሁ አንድ ወሬ ልጨምር፤ ከሽማግሌው ጎረቤቴ የሰማሁት፣ በኋላም አንብቤ ያረጋገጥኩት ነው። የኩባንያው መሥራች ላውሪ ራፓላ የፊንላንድ ድሀ ዓሣ አጥማጅ ነበር። በ1936 የመጀመሪያውን ማታለያ ከቡሽ በቢላዋ ጠርቦ፣ በቸኮላት መጠቅለያ ወረቀት ሸፍኖ፣ የፎቶግራፍ ፊልም አቅልጦ ቀባው ይባላል። ሥራው ያደረገው ግን አንድ ነገር በማስተዋሉ ነው፤ ትልቁ ዓሣ ከመንጋው ውስጥ ለይቶ የሚያጠቃው የቆሰለውን፣ አካሄዱ የተዛነፈውን ትንሽ ዓሣ ነው። ይህንን የሚያነክስ አካሄድ በቡሽ አስመሰለ። ማታለያውን ወደ አሜሪካ አምጥተው ያስፋፉትም የሚኒያፖሊስ ሰዎች ናቸው። በ1982 ሻድ ራፕ ሲወጣ ደግሞ ፈላጊው ከመብዛቱ የተነሣ ዕቃው ጠፍቶ፣ አንዳንድ ሱቆች መሸጡን ትተው ለቀን ያከራዩት ነበር። የሚከራይ መንጠቆ! ያን ጊዜ እንደ ዕንቁ የተከራየው ዕቃ ዛሬ በየሱቁ ተንጠልጥሎ ስናየው እናልፈዋለን፤ ከአርባ ዓመት በፊት የተሠራውን ሌላውን ፍለጋ።

አዲስ ማታለያ ገዝታችሁ በአንድ በኩል እያዘነበለ የሚሄድ ከሆነ አትጣሉት። ክር የሚታሰርበትን ቀለበት በፒንሳ በጣም በጥቂቱ ማዞር ነው፤ ወደ ግራ የሚሸሽ ከሆነ ቀለበቱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ከሆነ ወደ ግራ። በጥቂቱ ያልኩትን ልብ በሉ፤ ሁለቱን ሰብሬ ነው የተማርኩት።

ጀልባ የለንም የምትሉ፣ እውነት ነው፣ አብዛኞቻችን የለንም። በከተማው ውስጥ በየሐይቁ ዳር ሕዝብ የሚያጠምድበት የእንጨት ድልድይ አለ፤ ፌለን ሐይቅን የመሰለ ለአውቶቡስ የቀረበም አለ። ለዚያ የሚጎተት ማታለያ ብዙም አያስፈልግም፤ ጂግ ይበቃል። ጂግ ማለት ራሱ ላይ ትንሽ ክብደት ያለው መንጠቆ ነው፤ 1/8 አውንስ የሚለውን ግዙ። በጸደይ ትንሽ ዓሣ፣ በሰኔ አልቅት፣ ሙቀቱ ሲጠና ትል ይሰካበታል። አልቅት ስል ፊታችሁ ሲኮማተር አየሁ፤ እኔም መጀመሪያ ላይ በጓንት ነበር የምይዘው። ሲመሽ ደግሞ ተንሳፋፊ ቡሽ ክሩ ላይ አድርጎ አልቅቱን ከመሬቱ አንድ ጫማ ከፍ አድርጎ ማንጠልጠል ነው። ከዚህ የረከሰና ከዚህ የተሻለ ምትክ አላየሁም። ለነዚህ ነገሮች ክብደት ስትገዙ ግን እርሳስ ከሆነው ይልቅ ከቆርቆሮ ወይም ከተንግስተን የተሠራውን ፈልጉ። ሉን የሚባለው፣ ማታ ማታ እንደሚያለቅስ ሆኖ የሚጮኸው የሐይቅ ወፍ፣ የወደቀውን እርሳስ ከጠጠር ጋር ውጦ በመመረዝ ይሞታል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ባለፈው ግንቦት በአሳንሰር ውስጥ ሲያገኙኝ እንደ ልማዳቸው «ይቺ ልጅ ደኅና ናት?» አሉ። የዚያን ዕለት ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «የለችም፤ ሚል ላክስ ውስጥ ከጠፋች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ዋሽቼዎታለሁ» አልኳቸው። አሳንሰሩ ፎቃቸው ደረሰ፣ በሩ ተከፈተ፣ አልወረዱም። በሩ እንደገና ተዘጋ። ከዚያ «የትኛው ድንጋይ ላይ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እርሳቸውም እዚያው ድንጋያማ ቦታ ላይ ሁለት ጥለዋል! ቤታቸው አስገብተው የመንጠቆ ሳጥናቸውን ከፈቱልኝ። አንድም የድሮ የለበትም፤ ሙሉ በሙሉ ፍሊከር ሻድ ነው። «ያቺን የሰጠሁህ የመጨረሻዋ ስለነበረች ነው እንጂ፣ እኔ ራሴ ትቻት ነበር» አሉኝ። ተቆጥቼ እንደሆነ ተደስቼ እንደሆነ አላውቅም። 38 ዶላሩን አልነገርኳቸውም። ባለቤቴ ነገረቻቸው።

አሁን ደግሞ ስለ ደንቡ። ዕድሜው ከ16 ዓመት ጀምሮ የሆነ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስንት ዓሣ፣ ስንት ኢንች የሚለው በየሐይቁ የተለያየና በየጊዜው የሚለወጥ ስለሆነ ከእኔ አፍ አትውሰዱት፤ በየዓመቱ የሚታተመውን የደንብ መጽሐፍ አንብቡ፤ ሚል ላክስ ደግሞ የራሱ ደንብ አለው። የተረፈ ትልና ትንሽ ዓሣ ውሃ ውስጥም ዳር ላይም መጣል በሕግ የተከለከለ ነው፤ ወደ ቆሻሻ መጣያ ነው የሚጣለው። የሐይቁን ውሃም በባልዲ ይዞ መሄድ አይቻልም። ትልልቆቹ ዎልአዮች በአብዛኛው እንቁላል የሚጥሉ እናቶች ናቸው፤ በሰውነታቸውም ሜርኩሪ ይበዛል። ስለዚህ መካከለኛውን ለድስት፣ ትልቁን ለፎቶግራፍና ለውሃው። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ምን ያህል መብላት እንደሚገባቸው የክፍለ ሀገሩ ጤና መሥሪያ ቤት የሚያወጣው መመሪያ አለ፤ ልጆቻችሁ አንብበው ይንገሯችሁ።

የዎልአይ ወቅት የሚከፈተው ከሜሞሪያል ዴይ ቅዳሜ ሁለት ሳምንት በፊት በሚውለው ቅዳሜ ነው። እኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከአዳራሹ ፊት ለፊት እንገናኛለን፤ መንገዱ 100 ማይል ያህል ነው። ሁለት መኪና አለ፣ ሦስተኛ የሚያመጣ ካለ ለእኔ ይንገረኝ። ወፍራም ካልሲና ኮፍያ ያዙ፤ በግንቦት ጠዋት ሐይቅ ላይ ያለው ብርድ የጥር ነው። አሮጌ ካንዴላ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ። ሽማግሌው ጎረቤቴም ከእኛ ጋር ይመጣሉ፤ ቁልቁለቱ ላይ ክንዳቸውን የሚይዝ አንድ ጎልማሳ ያስፈልገኛል፤ ከስብሰባው በኋላ ስሙን ይስጠኝ።